የፅንስ ምርመራ ውጤት ለሚጠባበቁ ወላጆች የተሰጠ ምክር

በርኅሩኁና በአዛኙ በአላህ ስም እንጀምራለን።

ምስጋና ሰውን ከደካማ ጠብታ ለፈጠረው፥ በማኅፀን ጨለማም ውስጥ ሲሳዩን ላላቋረጠበት ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም ለዓለም እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፥ የአላህ ባሮች ሆይ! ያረገዘች ሚስት፥ ልጅ ወይም እኅት ያለቻችሁ ሁሉ ይህን ምክር በጽሞና ስሙ።

ከቢቸና ነጋዴዎች አንዱ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ጀመዓው ተበትኖ እስኪያልቅ በመስጊዱ ምሰሶ አጠገብ ተቀምጦ ቆየ፤ ከዚያም ወደ እኔ ቀርቦ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ሼኽ፥ ባለቤቴ 40 ዓመት ሞልቷታል፤ ከዚህ በፊት ሁለት ፅንስ ወርዶባታል። አሁን በሦስተኛ ወሯ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ቢመለከታት፥ በፅንሱ አንገት ጀርባ የሚታየው ውኃ ከልክ በላይ ሆነበት። አዲስ አበባ ሄደን ደም ሰጠች፤ መልሱ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል አሉን። እናቴ ‹ይህ የአላህን ምስጢር መሰለል ነው፤ ወረቀቱን እንዳትቀበል› ትለኛለች። ጎረቤት ደግሞ ወደ አንድ አዋቂ ቤት እንድወስዳት ይመክረኛል። እኔ እንደ ሆነ ጨርቅ ስለካ ክንዱን እስታለሁ፤ ሌሊትም እንቅልፍ የለኝም። በማኅፀን ያለውን ለማወቅ መፈለጌ ኃጢአት ነውን? ኃጢአት ካልሆነስ መልሱ እስኪመጣ ድረስ እንዴት ሆኜ ልቆይ?»

ይህ ጥያቄ የእርሱ ብቻ አይደለም። በቢቸናም በሞጣም ዛሬ ብዙ ቤት የሚጠይቀው ስለ ሆነ፥ ስሙን ሳልገልጥ ለሌሎች ጥቅም እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

በማኅፀን ያለውን ለማወቅ ስለ መፈለግ

በሉቅማን ምዕራፍ የመጨረሻ አንቀጽ ላይ ዕውቀታቸው የአላህ ከሆኑት ከአምስቱ ነገሮች አንዱ በማኅፀን ውስጥ ያለው መሆኑ ተነግሯል። ይህን የሚያምን ሰው የሐኪሙ መሣሪያ ከዚህ ቃል ጋር የተጋጨ መስሎት ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዑለማዎች ሩቅ የሆነውን ምስጢር በሁለት ከፍለው አስተምረዋል። አንደኛው ከፍጡር ሁሉ የተሰወረው ነው፤ ይኸውም የፅንሱ ዕድሜ፥ ሲሳዩ፥ ሥራውና መጨረሻው ነው። ሁለተኛው ለአንዱ ሰው ተሰውሮ ለሌላው የተገለጠው ነው። በታሰረ ሸክም ውስጥ ያለው ዕቃ ለመንገደኛ ሩቅ ነው፤ ሸክሙን ላሰረው ነጋዴ ግን ሩቅ አይደለም።

የሐኪም መሣሪያ የሚያየው ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ያለውን ነው። አልትራሳውንድ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሆድ ይልካል፤ ድምፁ ሥጋንና አጥንትን ነክቶ ሲመለስ መሣሪያው አመላለሱን ለክቶ ሥዕል ያደርገዋል። በዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የተጣራ እረኛ የገደል ማሚቶውን ሰምቶ ማዶው ቅርብ ወይም ሩቅ መሆኑን ቢያውቅ፥ የአላህን ዕውቀት ተጋራ አይባልም። ኢያን ዶናልድ የተባለው የግላስጎው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ስለዚህ አሠራር የጻፈውን ጽሑፍ ያወጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። የደሙ ምርመራ ደግሞ ዴኒስ ሎ የተባለ የሆንግ ኮንግ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳየው ነገር ላይ ቆሟል፤ ይኸውም ከእንግዴ ልጁ የሚወጣ የዘር ብናኝ ከእናቲቱ ደም ጋር ተቀላቅሎ መዞሩ ነው። እነዚህ ሰዎች አላህ የፈጠረውን ተመለከቱ እንጂ ከእርሱ ጋር አልፈጠሩም። ስለዚህ ምርመራው ማጋራት አይደለም፤ ለማወቅ መፈለግም በራሱ ኃጢአት አይደለም።

ሆኖም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የዚህ ዓይነቱ የደም ምርመራ የሚነግረን ጥርጣሬን ነው እንጂ ፍርድን አይደለም። ብናኙ ከእንግዴ ልጁ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ አንዳንድ ጊዜ እንግዴ ልጁ የሚያሳየው ነገር በልጁ ላይ አይገኝም። ለነጋዴ ነገሩ በሒሳብ ይገለጥለታል። ከ1,000 ፅንስ በ1 ላይ ብቻ የሚገኝ አንድ ሕመም አለ እንበል፤ ምርመራውም ያን አንዱን ሳይስት ያገኛል፥ ከጤነኞቹ ግን ከ100 በ1 ላይ ይሳሳታል እንበል። እንግዲህ ከ999ኙ ጤነኞች 10 ያህሉ በስሕተት ይጠረጠራሉ፤ በእውነት የታመመው 1 ነው። «ያሰጋል» ከተባሉት 11 እናቶች 10ሩ የተሸከሙት ጤነኛ ልጅ ነው ማለት ነው። የምርመራው ስሕተት ሲያንስና ሕመሙ ሲበረክት ሒሳቡ ይለወጣል፤ ቢሆንም ቁርጡ የሚታወቀው በሌላ ምርመራ ነው። ይኸውም ከ15ኛው ሳምንት በኋላ በቀጭን መርፌ ከእንሽርት ውኃው ጥቂት ቀድቶ መመርመር ነው፤ ጥቂትም ቢሆን ፅንሱን የማስወረድ አደጋ ስላለው ያለ በቂ ምክንያት አይደረግም። ዕድሜም እንደዚሁ ነው። በ40 ዓመቷ የምታረግዝ ሴት ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከ100 አንድ ያህል ነው፤ በ25 ዓመት ካለው ይህ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን የቀሩት 99ኙ ከዚያ ነጻ መሆናቸው አይዘንጋ።

ምክንያትን ስለ መያዝ

«አላህ የወሰነው አይቀርም፤ ታዲያ መመርመር ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው አለ። ይህ ሰው በአላህ መመካትንና እጅን አጣጥፎ መቀመጥን አንድ አድርጎ ተመልክቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው መጀመሪያ እንዲያስር፥ ከዚያም እንዲመካ አዘዙት። ኸሊፋ ዑመርም ወደ ሻም ሲጓዙ በዚያ ቸነፈር መግባቱን ሰምተው ሲመለሱ፥ ከአላህ ውሳኔ ሸሹን ተብለው ተጠየቁ፤ እርሳቸውም መሸሻው ራሱ የአላህ ውሳኔ መሆኑን አስረዱ። ድርቁን ሸለቆ ትቶ ለምለሙን የሚመርጥ እረኛ በሁለቱም በኩል ከአላህ ውሳኔ አይወጣም።

ለእናትና ለፅንስም ለምለሙ ሸለቆ አለ። የደሟ ዓይነት አርኤች ኔጋቲቭ የሆነ እናት በጊዜው መርፌ ብትወጋ የሚመጣው ልጅ ከከባድ የደም ማነስ ይጠበቃል፤ ይህ መድኃኒት ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ክኒን ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ቢወሰድ የአከርካሪንና የአንጎልን የአፈጣጠር ጉድለት እጅግ እንደሚቀንስ በ1991 እ.ኤ.አ. በታላቅ ጥናት ተረጋግጧል። የደም ግፊቷና ስኳሯ የሚታይላት እናት ሳይታይላት ከምትቀረው ጋር አትተካከልም።

መጠበቅም ቢሆን ሁለት ዓይነት መሆኑን በአገራችን ከተሠራ አንድ ሥራ እንማር። በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል፥ የሚያሰጋ እርግዝና ያለባቸው እናቶች ምጥ ሳይመጣባቸው አስቀድመው መጥተው የሚቀመጡበት ማቆያ ቤት ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በዚያ የወለዱ እናቶች መዝገብ ሲመረመር፥ በማቆያው ቆይተው ከወለዱት የሞቱት ከ100,000 90 ያህል ሆነው ተገኙ፤ በማቆያው ሳይቆዩ ከመጡት ግን ከ100,000 1,333 ያህል ሆኑ። ከኋለኞቹ ብዙዎቹ ነገሩ ከጠናባቸው በኋላ የመጡ ስለ ሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ብቻ ነው አይባልም፤ ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው። እናቶቹ ያደረጉት ነገር መጠበቅ ነው፤ ነገር ግን የጠበቁት በተገቢው ስፍራ፥ ተዘጋጅተው ነው። ዛሬ በየወረዳው ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ የሚሠራው በዚሁ አሳብ ነው። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በግጭት ምክንያት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ፥ «ቀኑ ሲደርስ እንሄዳለን» ማለት ግመልን ሳያስሩ መተው ነው።

ስለ መጠበቅ ሥርዓት

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ሰው ሳያስበው የሚደርስበት መከራና እየጠበቀ የሚደርስበት መከራ አንድ አይደሉም። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ሲቃጠሉ፥ ያን የጠበቀ አልነበረም። ኀዘኑ ከነገሩ በኋላ መጣ፤ ሰውም አመዱን ጠርጎ እንደገና መሥራት ጀመረ። የሚጠበቅ መከራ ግን ከመምጣቱ በፊት ሰውን ይበላል፤ ያልመጣም ከሆነ በከንቱ በልቶታል። የአገራችን ሰው መርዶ ሳይነገረው ድንኳን አይጥልም፤ አንተም ወረቀቱ ሳይመጣ በልብህ ድንኳን አትጣል።

ለዚህ ሥርዓት ታላቋ መምህር የሙሳ እናት ናት። ሕፃኗን በሣጥን አድርጋ በወንዝ ላይ እንድትጥለው ታዘዘች። ያ ወንዝ የእኛ ዓባይ ጎጃምን ዞሮ የሚገባበት የግብፅ ወንዝ መሆኑን ሙፈሲሮች ይናገራሉ። ልጇ በውኃ ላይ ነው፤ መድረሻው በዓይኗ አልታየም። የቀሰስ ምዕራፍ እንደሚተርከው ልቧ ከሌላው ነገር ሁሉ ባዶ እስኪሆን ድረስ ተጨነቀች፤ ምስጢሩንም ልትገልጥ ተቃርባ ነበር፤ አላህ ግን ልቧን አጸናላት። እንግዲህ አስተውሉ፤ መጨነቋ አልተነቀፈም። የእናት ልብ መጨነቁ የእምነት ማነስ አይደለም። ነገር ግን በጭንቀቷ ላይ ሁለት ነገር ጨመረች፤ የታዘዘችውን ፈጸመች፥ እኅቱንም በዳር እየተከታተለች እንድታይ ላከች። የልቧ መጨነቅ እግሯን አላሰረውም፤ በአላህ መመካቷም ዓይኗን አላስከደናትም።

ከዚህ በመነሣት ለሚጠባበቅ ባል አራት ነገር እመክራለሁ።

አንደኛ፥ ነገሩን ከሚስትህ አትሰውር። አላህ ወላጆች ሕፃንን ጡት ለማስጣል እንኳ ተመካክረውና ተስማምተው እንዲያደርጉት በአልበቀራ ምዕራፍ አስተምሯል። ጡት ለማስጣል ምክክር ካስፈለገ፥ በሆዷ ስላለው ስለ ራሷ ልጅ የመጣውን ቃል ደብቆ ለብቻ መወሰን እንዴት ይገባል? «እንዳትደነግጥ ብዬ ነው» የሚል ባል ብዙ ነው፤ እርሷ ግን ከፊቱ ታነበዋለች፤ ከዚያ በኋላ ፍርሃቷን የምትሸከመው ብቻዋን ነው።

ሁለተኛ፥ ነውሩን በእርሷ ላይ አትጣል። በጃሂሊያ ዘመን የነበረ ሰው ሴት ልጅ ተወለደችልህ ሲባል ፊቱ ይጠቁር ነበር፤ ቁርኣንም ይህን ነቅፎታል። «ሆዷ ነው፥ ዘሯ ነው» ማለት ከዚያ ጠባይ የተረፈ ነው። ፅንስ ከሁለታችሁም የተሰበሰበ ነው፤ ጉድለትም ቢኖር በአብዛኛው የማንም ጥፋት አይደለም።

ሦስተኛ፥ ወደ አዋቂና ወደ ጠንቋይ ቤት አትሂድ። ሐኪም ያየውን ይናገራል፤ ያላየውንም አላየሁም ይላል። ጠንቋይ ያላየውን አየሁ ይላል። ወደ እርሱ ሄዶ የጠየቀ ሰው የአርባ ቀን ሰላቱ ተቀባይነት እንደሚያጣ ነቢዩ አስጠንቅቀዋል። ልብህ ሰላም የምትሻ ከሆነ ሌሊት ተነሥተህ ሁለት ረከዓ ስገድ፤ ከሱቅህም ለድኻ ሰደቃ አውጣ።

አራተኛ፥ ሱቅህን ክፈት፥ ሚዛንህን አስተካክል፥ ልጆችህን ወደ መድረሳ ላክ። ቀድሞ ሙስሊም ነጋዴዎች በየጁቤ አጠገብ ከነበረው ከባሶ ገበያ ተነሥተው ዓባይን እየተሻገሩ ይነግዱ በነበረበት ዘመን፥ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ከማዶ የቀረ ሰው ወሬው ሳይሰማ ይከርም ነበር። በቤት የቀሩት ሰዎች ወሬ እስኪመጣ ከብቱን ማጠጣት፥ ሕፃናቱን ማብላት አይተዉም ነበር። ወሬ መጠበቅ ሥራ መተው አይደለም።

ዱዓ የተወሰነውን ነገር ምን እንደሚጠቅም

ሰውየው ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ከበድ ያለውን ጥያቄ አመጣ። «ሼኽ፥ የልጁ ነገር ከተፀነሰበት ቀን ጀምሮ ያለቀ ነው ይላሉ ሐኪሞቹ፤ የቀረው ለእኛ መነገሩ ብቻ ነው። ታዲያ ሌሊት ስነሣ የምለምነው ምኑን ነው? የተጻፈ ደብዳቤ በመንገድ ላይ ሳለ ይለወጣልን?»

መልሱ እንዲህ ነው። በመንገድ ላይ ያለው ደብዳቤ የያዘው ከነገሩ ጥቂቱን ነው። ወረቀቱ የዘሩን ነገር ይጽፍ ይሆናል፤ ልጁ እስከ ልደት መድረሱን፥ እናቲቱ በሰላም መገላገሏን፥ ሕመሙ የቀለለ ወይም የከበደ መሆኑን፥ አንተና እርሷ በዚያ ቀን ምን ዓይነት ሰዎች ሆናችሁ እንደምትገኙ ግን አይጽፍም። ይህ ሁሉ ገና ከፊትህ ነው፤ ይህ ሁሉ ይለመናል። የተፈጸመውንም በሚመለከት፥ አላህ ባሪያው በዛሬ ሌሊት እንደሚለምነው ከመለመኑ በፊት ያውቅ ነበር፤ ዱዓህ ከውሳኔው ውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም፥ በውሳኔው ውስጥ ያለ ምክንያት ነው። ስለዚህ ልጄን ጤነኛ አድርግልኝ ብለህ ሳታፍር ለምን። ነገር ግን ልመናህን በዚያ ላይ ብቻ አትፈጽም፤ «የምትሰጠኝን አደራ የምሸከምበትን ልብ አስቀድመህ ስጠኝ» በል።

የተፈራው ቢመጣ

ሰውየው ሊሄድ ተነሥቶ ጫማውን ከጨበጠ በኋላ ዘወር ብሎ፥ «የፈራሁት ቢሆንስ?» አለኝ። ወዲያው አልመለስኩለትም። እንዲህ ላለው ጥያቄ ፈጥኖ የሚመልስ ሰው የሌላውን ሸክም ያልመዘነ ነውና። ተመልሶ እንዲቀመጥ ለምኜው የሚከተለውን ነገርኩት።

ፅንሱን ማስወረድን በሚመለከት ዑለማዎች በሐዲስ የተነገረውን የ120 ቀን ልክ ይመለከታሉ፤ ከዚያ በኋላ ነፍስ ተነፍቶበታል። የሙስሊም ዓለም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ በ1410 ዓመተ ሂጅራ፥ ማለት በ1990 እ.ኤ.አ.፥ በመካ ባደረገው ስብሰባ እንዲህ ወሰነ፦ ከ120 ቀን በኋላ የእናቲቱ ሕይወት በእርግጥ ለአደጋ ካልተጋለጠ በቀር፥ ፅንሱ ጉድለት አለበት ተብሎ ማስወረድ አይፈቀድም። ከዚያ በፊት ግን የታመኑ ሐኪሞች ጉባኤ በምርመራ አረጋግጦ ጉድለቱ ከባድና የማይታከም ከሆነ፥ በወላጆቹ ጥያቄ ይፈቀዳል። ከዚያም በፊት ቢሆን የሚከለክሉ ዑለማዎች አሉ። ሐኪሞች ወራቱን የሚቈጥሩት ከመጨረሻው የወር አበባ ጀምሮ ስለ ሆነ ቁጥራቸው ከፅንሱ እውነተኛ ዕድሜ በሁለት ሳምንት ያህል እንደሚበልጥ ይታወቅ። ስለዚህ ማንም በጎረቤት ምክርና በጥርጣሬ ወረቀት ብቻ አይወስን፤ የታመነ ሐኪምና የታመነ ዓሊም ይጠይቅ። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ብዙ ልጆች አድገው ይማራሉ፥ ይሠራሉ፥ ቤታቸውንም ደስ ያሰኛሉና ጉድለት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ደግሞም የልጅ ዋጋ በአካሉ ሙሉነት አይመዘንም። ዓይነ ስውሩ ኢብኑ ኡሙ መክቱም የነቢዩ ሙአዚን ነበሩ፤ ነቢዩ ለጉዞ ሲወጡም በመዲና ይተኳቸው ነበር፤ የዐበሰ ምዕራፍ መጀመሪያም የወረደው በእርሳቸው ምክንያት ነው። ዐጣ ኢብን አቢ ረባሕ ጥቁር፥ አንካሳ፥ እጀ ሽባ፥ አንድ ዓይና፥ በኋላም ፈጽመው ዓይነ ስውር የሆኑ ሰው ነበሩ፤ በዘመናቸው ግን ሐጅ የመጣ ሰው ሁሉ ፈትዋ የሚጠይቀው እርሳቸውን ነበር። ልጁም ሳይቆይ ቢሞት፥ ነቢዩ በልጃቸው በኢብራሂም ሞት ማልቀሳቸውን አስታውሱ። ዕንባ አልተከለከለም፤ የተከለከለው በአላህ ላይ ማማረር ነው።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ ነገሩን ላጠቃልልህ። ወረቀቱ ስለ ልጁ ወሬ ያመጣልሃል እንጂ ያንተን ግዴታ አይለውጥም። ጤነኛ ነው ቢልህ ልጁ አደራ ነው፤ ታሟል ቢልህ ልጁ አደራ ነው። ጤነኛውን የምትመግብበት እጅ የታመመውንም የምትመግብበት እጅ ነው። እናቲቱን ማክበር በአንደኛው ወረቀት የሚጸና በሁለተኛው የሚሻር አይደለም። ይህ ግዴታ የተጀመረው ልጁ በተፀነሰበት ቀን ስለ ሆነ፥ መልሱ እስኪመጣ የምትሠራው ሥራ ዛሬም አለህ።

የዚያ ሰው ውጤት ምን እንደ ሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ የቤት ምስጢር አደራ ነውና። መንገድ በመዘጋቱ ከተባለው ቀን በላይ እንደ ዘገየ ግን ነግሮኛል። ከዚያም በኋላ መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «ሼኽ፥ በእነዚያ ቀኖች ሌሊት እየተነሣን አብረን እንሰግድ ነበር፤ ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ተነጋግረን አናውቅም። መልሱ የመጣ ዕለት ወረቀቱን የከፈትነው አብረን ተቀምጠን ነው።»

አላህ ሆይ! በማኅፀን ያሉትን አደራዎችህን ጠብቅ፤ የተሸከሟቸውን እናቶች አበርታ፤ የሚያክሙትን እጆች አቅና፤ መንገዳችንንም ሰላም አድርግ። ወሬ ለሚጠባበቅ ልብ እርጋታን፥ ክፉ ወሬ ለደረሰው ትዕግሥትን፥ መልካም ለደረሰው ምስጋናን ስጥ። አሚን። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ይሁን።